ድምፁን ያጣው ዘፋኝና የኮልፌ አድማጮቹ

«ሃሪ አፕ ቱሞሮው» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ሂስ

በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ኮልፌ ውስጥ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ 15 ያህል ወጣቶች በአንዲት ጠባብ ሳሎን ተሰብስበው ነበር። ከፊሎቹ ሶፋ ላይ ተጠጋግተዋል፤ ከፊሎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀሩትም በሩን ተደግፈው ቆመዋል። የክረምት መግቢያ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከልጆቹ አንዱ፣ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት ከለጠፈ ሱቅ ያስጫነውን ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ። የቤቱ እመቤት የሆኑት አሮጊት ከማዕዘኑ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እኔም ጎረቤት ነኝና ተጠርቼ ገባሁ። በዚያ ሰሞን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ትዘጋጅ የነበረች አንዲት ልጅ ቦታዋን እየለቀቀችልኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ የኛን ልጅ ነው የምናየው!» አለችኝ።

«የኛ ልጅ» የተባለው አቤል ተስፋዬ ነው፤ ዓለም «ዘ ዊክንድ» በሚለው የመድረክ ስሙ የሚያውቀው ድምፃዊ። ፊልሙም «ሃሪ አፕ ቱሞሮው» ይባላል፤ በአማርኛ «ነገ ሆይ፣ ፍጠን» እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኮልፌ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ልጆቹ ፊልሙን ከመውጣቱ ወራት አስቀድመው ሲጠብቁት ከርመዋል። የማስታወቂያ ቅንጫቢውን በስልካቸው ደጋግመው አይተዋል፤ በዚያው ዓመት ጥር 23 ቀን በወጣው፣ ከፊልሙ ጋር አንድ ስም በተጋራው አልበም ውስጥ ያሉትን ዘፈኖች በቃላቸው ይዘዋል፤ የትኛው ዘፈን በፊልሙ ውስጥ የት ቦታ እንደሚገባ እንኳ አስቀድመው ተከራክረውበታል።

የውጭ አገር ሐያስያን አብዛኞቹ ግን ፊልሙን አጣጥለውታል። 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ወጣበት የተነገረለት ይህ ሥራ፣ በአሜሪካ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ያስገባው ከ3 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንግዲህ ከአንድ ወገን የሐያስያን ንቀት፣ ከሌላው ወገን የአድናቂዎች ሆታ ቆመዋል። ሂስ ከሁለቱ የአንዱ ጠበቃ ሊሆን አይገባውም። ሐያስያኑ የፊልሙን ጉድለት በሚገባ አይተዋል፤ አድናቂዎቹ ደግሞ ሐያስያኑ ያላዩትን አንድ ነገር አይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን አንድ ነገር መፈለግ፣ አግኝቶም እኛን በጥበብ ሥራ የተሰማራነውን ምን እንደሚጠይቀን ማመልከት ነው።

ዘፋኙና ታሪኩ

አቤል ተስፋዬ በ1982 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። ስካርቦሮ በሚባለው የከተማዋ ክፍል እናቱና አያቱ አሳደጉት፤ አማርኛ ያስተማሩትም አያቱ ናቸው። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከቤት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሦስት የዘፈን ስብስቦችን በኢንተርኔት በነፃ አሰራጭቶ ስሙ ተሰማ። «ብላይንዲንግ ላይትስ» የተባለው ዘፈኑ በአንድ የሙዚቃ ማሰራጫ ብቻ ከ4 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል። ባደገበት ቤት ይሰማ የነበረው የኢትዮጵያ ዘፈን በአዘፋፈኑ ላይ አሻራ እንደ ተወ ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ዘ ሂልስ» በተባለው ዘፈን ማብቂያ ላይ አማርኛ ያንጎራጉራል፤ በ2016 ዓመተ ምሕረት አቈጣጠራቸው ደግሞ ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት ማጠናከሪያ 50 ሺህ ዶላር ለግሷል። የኮልፌ ልጆች «የኛ» ማለታቸው እንግዲህ ከባዶ የተነሣ አይደለም።

የፊልሙ መነሻ አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ አጠገብ በሚገኘው ሶፋይ ስታዲየም፣ በብዙ ሺህ በሚቈጠር ሕዝብ ፊት ዝግጅቱን ጀምሮ ሳለ የአቤል ድምፅ ተዘጋ። ይቅርታ ጠይቆ ከመድረክ ወረደ። ለዘፋኝ ከዚህ የከፋ ሰዓት ያለ አይመስለኝም። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ መሣሪያው ተቃኝቷል፤ ጉሮሮ ግን እምቢ አለ።

አዘጋጁ ትሬይ ኤድዋርድ ሹልትስ ከአቤልና ከሬዛ ፋሂም ጋር ሆኖ ድርሰቱን የጻፈው ከዚህ ሰዓት ተነሥቶ ነው። አቤል የራሱን ስም ይዞ፣ ግን በልቦለድ መልክ የተቀረጸ ራሱን ሆኖ ይተውናል። ፍቅረኛው ጥላው ሄዳለች፤ የተወችለት የስልክ የድምፅ መልእክት ከጆሮው አይጠፋም። ሐኪሙ የጉሮሮው ሕመም ከአእምሮ ጭንቀት የመጣ መሆኑን ይነግረዋል። ባሪ ኪዮገን የሚጫወተው ሥራ አስኪያጁ ሊ ግን እያባበለና እየገፋ ወደ መድረክ ይመልሰዋል። በሌላ በኩል ጄና ኦርቴጋ የምትጫወታት አኒማ የተባለች ወጣት አንድን ቤት ቤንዚን አርከፍክፋ አቃጥላ ጉዞ ትጀምራለች። ሁለቱ የሚገናኙት ድምፁ በተዘጋባት ሌሊት ነው። አብረው ያመሻሉ፤ ወደ ሆቴል ይገባሉ። በማግስቱ ሊለያት ሲነሣ ትመታዋለች፤ አልጋ ላይ ጠፍራም ታስረዋለች። ከዚያም የገዛ ዘፈኖቹን እየከፈተች፣ እየጨፈረችም፣ ትርጉማቸውን ትነግረዋለች። ሊፈልገው የመጣውን ሊን ትገድለዋለች፤ ዘፋኙንም ቤንዚን ታርከፈክፍበታለች። በመጨረሻ አቤል ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ፣ በባዶ ድምፁ የፊልሙን ርእስ የያዘውን ዘፈን ይዘፍንላታል። እንባዋ ይወርዳል፤ እርሱም ከእስራቱ ይፈታል።

ታሪኩ ይኸው ነው። የዘፋኙን ልደት፣ ድህነት፣ የመጀመሪያ መድረክ፣ ዝናና ውድቀት በተራ የሚያሳይ ፊልም የጠበቀ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በዚያች ሳሎን ውስጥም ከልጆቹ አንዱ፣ ፊልሙ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ «ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ።

የቅርጽ ጉዳይ

የአንድን ዘፋኝ ሕይወት በፊልም ለማቅረብ የተለመደው መንገድ የታወቀ ነው። ልጁ ከችጋር ይወጣል፤ አንድ ሰው ተሰጥዎውን ያገኝለታል፤ ይከብራል፤ በመጠጥ ወይም በመድኃኒት ይወድቃል፤ በመጨረሻ በታላቅ መድረክ ላይ ይነሣል። ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተረግጦ ሣር ማብቀል አቁሟል። ስለሆነም ባለፉት ዓመታት በርካታ አዘጋጆች ከመንገዱ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቶድ ሄይንስ የቦብ ዲላንን ሕይወት በስድስት ተዋንያን ከፋፍሎ አሳየ፤ ከስድስቱ አንዷ ሴት፣ አንዱም ጥቁር ሕፃን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 «ቤተር ማን» በተሰኘው ፊልም እንግሊዛዊው ዘፋኝ ሮቢ ዊሊያምስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝንጀሮ መልክ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት የፋረል ዊሊያምስ ታሪክ በሌጎ መጫወቻዎች ምስል ተነገረ።

የኮልፌ ተመልካችም ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። እኔና እኩዮቼ ልጆች ሳለን፣ ሳንቲም ከፍለን በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን በምንገባባቸው የሰፈር ቪዲዮ ቤቶች ውስጥ የማይክል ጃክሰንን «ሙንዎከር» አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራው ያ ፊልም መጀመሪያና መጨረሻው በቅጡ አይታወቅም፤ ዘፋኙ አንዴ መኪና፣ አንዴ ሮቦት፣ አንዴም የጠፈር መንኰራኵር ይሆናል። ማንኛችንም ግን «ታሪኩ የታል?» ብለን አልጠየቅንም። ከቪዲዮ ቤቱ ወጥተን በኮልፌ ጭቃ ላይ ወደ ኋላ ለመንሸራተት ስንታገል ጫማችንን እየጣልን ወደ ቤት ገባን። አድናቂ ከፊልም የሚፈልገው የሕይወት ታሪክ መዝገብ እንዳልሆነ ያን ጊዜ በእግሬ ተምሬአለሁ።

በመድረካችንም የዚህ ዓይነቱ አካሄድ ጥሩ ምሳሌ አለን። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አቡነ ጴጥሮስን ለመድረክ ሲያቀርብ ከልደት እስከ ሰማዕትነት ያለውን ዘመን አልደረደረም። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ አንዲቱን ሰዓት መረጠ። አንድን ሕይወት በአንዲት ሰዓት ውስጥ ማሳየት እንደሚቻል ከዚያ ርእስ በላይ አጥርቶ የነገረን የለም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ውስጥ ጳጳሱ ብቻውን አይደለም። ወራሪው አለ፤ ሕዝቡ አለ፤ እምነትና ፍርሃት አሉ፤ አገር አለች። ሰዓቲቱ ጠባብ ብትሆንም የያዘችው ዓለም ሰፊ ነው።

ሹልትስና አቤልም «ያቺን ሰዓት» መምረጣቸው በእኔ አስተያየት ትክክል ነበር። ድምፅ የተዘጋባት ሰዓት ለዘፋኝ የፍርድ ሰዓት ናትና። ስሕተቱ ያለው ሰዓቲቱን ባዶ ማስቀረታቸው ላይ ነው። የፊልሙ ምስል ያማረ ነው፤ ቀይና ሰማያዊው ብርሃን፣ ከፊት የማይርቀው ካሜራ፣ አቤልና ዳንኤል ሎፓቲን ያዘጋጁት ሙዚቃ ተመልካቹን በጭንቀት ውስጥ ያሰጥሙታል። ሆኖም ዘፋኙ ከራሱ በቀር ማንንም አያይም። ቅርጹ ደፍሯል፤ ይዘቱ ግን ቅርጹን ተከትሎ ለመድፈር አቅም አጥቷል።

«ተቀበል!»

ሆኖም በፊልሙ ውስጥ በጥንቃቄ ልንመረምረው የሚገባ አንድ እውነተኛ ትዕይንት አለ፤ አኒማ ዘፋኙን አስራ ዘፈኖቹን የምትተረጕምበት ትዕይንት። ለዚህም የራሳችንን የአዝማሪ ቤት ሥርዓት መለኪያ ላድርግ።

በአዝማሪ ቤት ዘፋኝ ብቻውን አይዘፍንም። ማሲንቆው ዜማውን ይዞ ሲዞር ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል!» ይላል። የልቡን ብሶት፣ የፍቅሩን ነገር ወይም የሰሞኑን ወሬ በግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ፣ በዜማ አስጊጦ፣ አንዳንዴም ሰሙ ላይ ወርቅ ጨምሮበት ይመልሳል። ቤቱ ይስቃል፤ ወይም ዝም ይላል። በዚያች ቅጽበት ግጥሙ የአድማጩ፣ ዜማው የአዝማሪው፣ ትርጕሙ ደግሞ የቤቱ ሁሉ ይሆናል። ቀድሞ በካዛንቺስ በነበሩት አዝማሪ ቤቶች ያመሸ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ቃሉን ልብ እንበለው፤ «ስማኝ» አይደለም፤ «ዝፈንልኝ» አይደለም። «ተቀበል» ነው። አድማጭ ሰጪ፣ ዘፋኝ ተቀባይ ነው።

ዛሬ የዓለም መድረክ ይህን ግንኙነት ቆርጦታል። አንዱ ዘፋኝ ለብዙ ሺህ ሕዝብ ይዘፍናል፤ ሕዝቡ የሚሰጠው ገንዘቡንና ጩኸቱን ብቻ ነው። አኒማ ያን የተቆረጠ ገመድ በግድ ለመቀጠል የተነሣች አድማጭ ናት። ሰዎች የሚጨፍሩባቸው እነዚህ ዘፈኖች ከምታቸው በታች ባዶነትና ራስን መጥላት እንደ ያዙ ለዘፋኙ በገሃድ ትነግረዋለች። እንግዲህ ይህ ሂስ ነው፤ ያውም ጥሩ ሂስ። በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ዘፈኑን ከልቧ የሰማችው እርሷ ብቻ ናት። ሥራ አስኪያጁ ገንዘቡን ሰምቷል፤ ሕዝቡ ምቱን ሰምቷል፤ አኒማ ቃሉን ሰምታለች።

ታዲያ ፊልሙ ይህችን አድማጭ ምን አደረጋት? እብድ አደረጋት፤ ነፍሰ ገዳይ አደረጋት፤ ቤንዚንና ክብሪት በእጇ አስያዛት። እንደ እኔ አመለካከት የፊልሙ ትልቁ ጥፋት ሐያስያኑ ሲደጋግሙት የነበረው የታሪክ መልፈስፈስ አይደለም፤ በጥሞና የሰማን ሰው እንደ አደገኛ መቍጠሩ ነው። ከዚህም አልፎ «አኒማ» የሚለው ቃል በላቲን «ነፍስ» ማለት ነው። ስለዚህ ልጅቷ እንደ ራሷ የምትኖር ሰው ሳትሆን የዘፋኙ የገዛ ነፍስ ምሳሌ ናት ማለት ነው። አድማጭ መስላ የመጣችው መስተዋት ሆና ቀረች። ዘፋኙ በመጨረሻ በባዶ ድምፁ ሲዘፍን ያለቀሰችው ማን ናት? የራሱ ጥላ ናት። ከሌላ ሰው የተቀበለው ነገር የለም።

ይህን እያሰብኩ ሳለሁ በዚያች ሳሎን አንድ ነገር ሆነ። አኒማ የመጀመሪያውን ዘፈን ከፍታ መጨፈር እንደ ጀመረች መብራት ጠፋ። «ኧረ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ አንዱ የስልኩን መብራት አበራ። ጥቂት እንደ ቆየም፣ ማን እንደ ጀመረው ሳላውቅ፣ ልጆቹ ያንኑ ዘፈን ከተቋረጠበት ተቀብለው መዝፈን ጀመሩ። እንግሊዝኛው በአንዳንዱ አፍ ይሰባበራል፤ ዜማው ግን አልተሰበረም። አንዱ ጕልበቱን እየመታ ምቱን ይዞላቸዋል፤ ከላይ ዝናቡ ያጅባል። መብራት እስኪመጣ ድረስ ዘፋኙ ድምፁን ባጣበት ፊልም ውስጥ ድምፅ የሆኑት እነርሱ ነበሩ። ከፊልሙ በኋላ አንደኛውን ልጅ ስለዚሁ ዘፈን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ዘፈኑ እኮ የደስታ አይደለም፤ የብቸኝነት ነው። የሚያስጨፍረን ምቱ ነው» አለኝ። አኒማ ሰው ጠፍራ የተናገረችውን ይህ ልጅ ሻይ እየጠጣ ነገረኝ። አድማጭ እብድ መሆን አያስፈልገውም፤ የሚጠይቀው ብቻ ነው ያጣው።

የእማማ ጥያቄ

ከሁሉ የበለጠውን ሂስ የሰነዘሩት ግን እንዝርታቸውን ይዘው ከማዕዘን የተቀመጡት እማማ ናቸው። ቋንቋውን አይሰሙም፤ ምስሉን ግን ይከታተሉ ኖሯል። ዘፋኙ ታስሮ ሲያለቅስ እንዝርቱን አቁመው፣ «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አሉ። «ድምፁ ጠፍቶበት ነው፣ እማማ» አሏቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለመሆኑ እናቱ የት ናት?» ሲሉ ጠየቁ። ልጆቹ ሣቁ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልኩም።

የፊልሙ ሸክም ያረፈው በአንዲት ትታው በሄደች ፍቅረኛ መልእክትና በዘፋኙ ጭንቀት ላይ ነው። እውነተኛው አቤል ግን በሁለት ሴቶች እጅ ያደገ ሰው ነው። ድምፁን ከየት አገኘው ቢባል ከእነርሱ ቤት ነው፤ ድምፅ ሲጠፋ የሚፈለገውም በመጀመሪያ የተገኘበት ቦታ አይደለምን? የሚገርመው፣ ይህን ጥያቄ አልበሙ አንሥቶታል። ከዘፈኖቹ አንዱ «ሬድ ቴረር» ይባላል፤ ይኸውም «ቀይ ሽብር» ነው። ይህን ስም በእንግሊዝኛ ዘፈን አናት ላይ ያነበበ የኔ ዕድሜ ሰው ክው ሳይል አይቀርም። ዘፈኑን እንደ ሰማሁት ድምፁ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ ይመስላል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በየሰፈሩ ልጅ ከእናት የነጠለው፣ ብዙዎችንም ለስደት የዳረገው ያ መከራ፣ በሁለተኛው ትውልድ በቶሮንቶ ልጅ አፍ ዜማ ሆኖ መጣ ማለት ነው። በዚያች ሳሎን የነበሩት ልጆች ዘፈኑን በቃላቸው ያውቁታል፤ ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን የሚያውቁት ሦስት ብቻ ነበሩ። እማማ ግን ያውቁታል። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው፣ አንደኛቸው ዜማውን፣ ሌላኛቸው ታሪኩን ይዘው፣ የሚያገናኛቸው ሥራ አጥተው አመሹ።

ያ ሥራ ፊልሙ ሊሆን ይችል ነበር። ዘፋኙ ከሆቴል ክፍል ይልቅ በአያቱ ሳሎን ድምፁን ሲፈልግ ቢታይ፣ ቤንዚን ከያዘች እብድ ፋንታ «ተቀበል» የምትለው እናት ከፊቱ ብትቀመጥ፣ ያቺ ሰዓት ምን ያህል በሰፋች! ከተለመደው ያፈነገጠ ቅርጽ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለውን ነገር ለመሸከም ነው።

እስከዚህ ድረስ ፊልሙን ነቀፍኩ። ይሁን እንጂ ያቺን የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ «በዚህ ፊልም ምን አገኘሽና ነው ይህን ያህል የተደሰትሽው?» ብዬ በመጠኑ በቍጣ ስጠይቃት የሰጠችኝን መልስ መደበቅ አይገባኝም። «ጋሼ፣ ፊቱን ነው የማየው። አጎቴን ይመስላል» አለችኝ። ይህ መልስ አንገቴን አስደፋኝ። በልጅነታችን የማይክል ጃክሰንን ፊት ስናይ ማንም አጎቱን አላየም። ይህች ልጅ የዓለምን ታላላቅ ሲኒማ ቤቶች በሞላ ምስል ውስጥ የዘመዷን ግንባርና ዓይን አየች፤ ስሙም ጐረቤቷ ሊኖረው የሚችል ስም ነው። ሐያስያኑ ያላዩት ይህን ነው። ደስታዋ ከፊልሙ ጥራት ይበልጣል፤ ሐሰት ግን አይደለም።

የእኛ ድርሻ

ያ ደስታ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ፊልም የሚጠብቀው እኛ ምን ስለ ነሣነው ነው? ልጆቹን፣ «በአገራችን ዘፋኝ ሕይወት ላይ የተሠራ ያያችሁት ፊልም አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንድም ሊጠሩልኝ አልቻሉም። ራሔል ሳሙኤል ስለ ክራር ተጫዋቿና ተዋናይቷ አስናቀች ወርቁ የሠራችውን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የቀረበውን «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ስሙን እንኳ አልሰሙም። አስናቀች ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ወጥታ የተወነች፣ በክራሯ ፍቅርንና ነቀፋን አስማምታ የተጫወተች ታላቅ ጠቢብ ነበረች። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ የኮልፌዋ ተማሪ ገና ሕፃን ነበረች።

ስለ ድምፅ መጥፋት ከተነሣ ደግሞ የጥላሁን ገሠሠን ሕይወት ማን ይረሳል? ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የተሻገረው ያ ድምፅ፣ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ከባለቤቱ ጋር እስር ቤት ገብቷል። በ1985 ዓ.ም. በአንገቱ ላይ የደረሰው ከባድ ጕዳት አገሩን ሁሉ አስደንግጦ ነበር፤ ጥላሁን ከዚያ ተርፎ እንደገና ዘፈነ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍም ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ሸኘው። ከአቤል ሌሊት ይልቅ በስንት እጥፍ የከበደች «ያቺ ሰዓት» በዚህ ሕይወት ውስጥ አለች! በዚያች ሰዓት ውስጥ ደግሞ አድማጭ አለ፤ ሬዲዮኑን ከፍቶ፣ «ይዘፍን ይሆን?» እያለ የሚጠብቅ ሙሉ አገር።

ጣቴን በሌላው ላይ ብቻ እንዳልቀስር የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት የአንዲት ዘፋኝን ሕይወት መነሻ አድርጌ ቴአትር ጽፌ ነበር። ከልደቷ እስከ ቀብሯ አንድም ነገር አላስቀረሁም። ተውኔቱን ያነበበልኝ የአንድ ቴአትር ቤት ባለሙያ፣ «ሁሉም አለ፤ ለማን እንደምትዘፍን ግን አላወቅሁም» ብሎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ተቈጣሁ፤ ረቂቁንም ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። በዚያች የኮልፌ ምሽት፣ በጨለማው ውስጥ ልጆቹ ሲዘፍኑ፣ ያ ሰው ያለኝ ገባኝ። እኔ ቅርጹን ጠብቄ አድማጩን ረሳሁ፤ አቤልና ሹልትስ ቅርጹን አፍርሰው አድማጩን ረሱ። ሁላችንም የሳትነው አንድ ነገር ነው።

ስለዚህ የልጆቹን ሆታ እንደ ባዶ ጩኸት የምናይ መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና የጥበብ ሰዎች ካለን አቋማችንን ብንመረምር መልካም ነው። ወጣቱ የባዕድ ነገር አምላኪ ሆነ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። መምህሩ ተማሪዎቹ የሚወዱትን ዘፈን ይዘው መጥተው በአማርኛ ሂስ እንዲጽፉበት ቢያደርግ፣ በየወረዳው ያሉ የወጣት ማእከላት የአስናቀችን ዘጋቢ ፊልም ከአቤል ፊልም ጋር ጎን ለጎን አሳይተው ቢያወያዩ፣ ጸሐፌ ተውኔቱም ከሳጥኑ ረቂቁን ቢያወጣ ግን ሥራ ይሆናል። እኔ የኔን ረቂቅ አውጥቻለሁ። የመጀመሪያውን ትዕይንት አንድ ሳሎን ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ዘፋኟ ገና አልገባችም፤ ሰዎች ተቀምጠው ይጠብቋታል።

በዚያች ምሽት ፊልሙ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ፣ ተማሪዋ እማማ አጠገብ ቍጢጥ ብላ «ሬድ ቴረር» የተባለውን ዘፈን በስልኳ ከፈተችላቸው። «ስለ ቀይ ሽብር ነው አሉ፣ እማማ» አለቻቸው። እማማ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያም እንዝርቱን ከጕልበታቸው ላይ አንሥተው አስቀመጡና፣ «ቆይ፣ ቁጭ በይ፤ እኔም ልንገርሽ» አሏት። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ስወጣ ልጅቷ ተቀምጣ ነበር።